ዜና የለቀምንበት ቅዳሜ

ዜና እወዳለሁ። ሐሜት አላልኩም፣ ዜና ነው ያልኩት፤ ባለቤቴ ግን ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልገባውም። ማን ወለደ፣ የማን በሬ ጠፋ፣ የትኛውን ድልድይ ጎርፍ ወሰደው፣ የክትባት ሠራተኞች መቼ ይመጣሉ፣ ይህን ሁሉ ሳላውቅ የዋልኩ ቀን ምሳ እንዳልበላ ሰው እነጫነጫለሁ። አሶሳ ውስጥ አማርኛ አስተምራለሁ። ከክፍል ውጭ ደግሞ የወረዳችን ስካውቶች መሪ ነኝ። ሁለቱን ሥራ ያገናኘሁት ያው በዜና ነው።

ሌላ አገር ስካውት ድንኳን ይተክላል፣ ገመድ ይቋጥራል ይባላል። እኛም እንቋጥራለን። ችግኝም እንተክላለን፤ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የቆሙት ማንጎዎች ምስክር ናቸው፣ ፍየል ያልበላቸው ማለቴ ነው። የኛ ልጆች የሚታወቁት ግን በሁለት ሥራ ነው። አንደኛው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ቆመው የመንገደኛ እቃ መሸከም ነው። ሽማግሌ፣ እርጉዝ፣ ሕፃን ያዘለች እናት ካዩ ማንም ሳይጠራቸው ይደርሳሉ፤ ምርቃት እንጂ ሌላ ነገር አይቀበሉም። ሁለተኛው ዜና ነው። እያንዳንዱ ልጅ በየሳምንቱ ከሰፈሩ አንድ ዜና ያመጣል። ሕጉ ጥብቅ ነው። ዜናው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቃል፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። ያላየውን ወይም ካየ ሰው ያልሰማውን ያመጣ ልጅ ለአንድ ወር ውሃ ቀጂ ይሆናል። እኔ አርሜ በትልልቅ ፊደል እጽፈዋለሁ፣ እነሱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ገበያው መግቢያ ላይና መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ይለጥፉታል። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በሜጋፎን በአማርኛ፣ በበርታኛና በኦሮምኛ ያነቡለታል።

ሃያ ሁለት ልጆች ናቸው። አንገታቸው ላይ አረንጓዴ ስካርፍ ያስራሉ። ስካርፉ የተሰፋው ከአሮጌ መጋረጃ ነው፤ ይህን ለሌላ ወረዳ ስካውቶች አንናገርም።

ከሃያ ሁለቱ ሁለቱን ላስተዋውቅ። አንደኛው ከአምባ የሚመጣ ልጅ ነው። አምባ የምንለው ወላጆቻችን ከወሎ መጥተው የሰፈሩባቸውን መንደሮች ነው፤ የሚጠሩት በቁጥር ነው፣ እኔም የአምባ ልጅ ነኝ። ይህ ልጅ ምላሱ ቅቤ ነው። የተቆጣ መምህር ያስቃል፣ ዘግይቶ መጥቶ የቀደመ ያስመስላል። ሁለተኛዋ የመናኸሪያው ቡድን አለቃ ናት። የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ናት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ። አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ከገባች ወዲህ ስለሆነ ሴቱን ወንድ፣ «እኔ»ን «እሱ» ታደርገዋለች። ንግግሯም ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ ችግኝ ማጠጣት ረስታ፣ ማንም ሳያውቅባት ከሰልፉ መሃል ወጣችና «ትናንት እኔ ረሳ» አለች። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ግን ያን ቀን ቡድኑን ለእሷ ሰጠኋት።

ነገሩ የሆነው ሰኔ ውስጥ ነው፣ ዝናቡ ገብቶ የወደቀው ማንጎ በየጥጉ በሚበሰብስበት ሰሞን። ሐሙስ ዕለት ከአምባዎቹ በአንዱ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አረፉና በዚያው ቀን ተቀበሩ። ባለ ቅቤ ምላሱ ልጅ ጎረቤታቸው ነው፤ ቀብሩ ላይም ነበር። ዜናውን አመጣልኝ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ አንድም የጎደለ የለውም። «ጎበዝ» አልኩት። አርብ ጠዋት ተለጠፈ፤ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደግሞ በሦስቱም ቋንቋ ተነበበ። እኔም ሥራዬን የሠራሁ መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ የሟቹ ወንድ ልጅ መጥቶ ቤቴ በር ላይ ቆመ። አንድ ክፍል ነው የተማርነው። ላጽናናው እጄን ስዘረጋ አልተቀበለኝም።

«እታለም፣ ምን አረግሽን?» አለኝ።

ለካስ እህት አለችው። ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ኩርሙክ ከባሏ ጋር ትነግዳለች፤ የሰባት ወር እርጉዝ ናት። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ በነገው የቅዳሜ መኪና እንደምትመጣ ቀደም ብላ ተናግራለች። የአባቷን ሞት አታውቅም። በዝናቡ ምክንያት የኩርሙክ ስልክ ከተቋረጠ ሦስት ቀን ሆኖታል። ቢሠራም በስልክ አይነግሯትም ነበር።

«መርዶዋን እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና ነው መስማት ያለባት» አለ። «እንደዚያ ሆዷ ገፍቶ፣ መናኸሪያ መሃል ቆማ፣ ግድግዳ ላይ ታንብበው? ወይስ አንዱ ሻይ ሻጭ 'አላህ ሶብሩን ይስጥሽ' ይበላት? ወላሂ፣ አንድ ነገር ብትሆንስ?»

«ወረቀቱን አሁኑኑ አስነሳዋለሁ» አልኩ።

«ወረቀቱ ምን አለው? ሰዉ ሁሉ ሰምቷል። እኔ ልቀበላት ብሄድ ገና ከሩቅ ከፊቴ ታነበዋለች። ያንቺ ልጆች ግን ሁልጊዜ እቃ ይሸከማሉ፣ እነሱን ብታይ አትጠረጥርም። የበተንሽውን አንቺው ሰብስቢው፣ እታለም።» ይህን ብሎ ዝናቡ ውስጥ ሄደ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እኔ ደግሞ በሜጋፎን ነው ያወጣሁት።

መርዶን ያለ ቦታው መስማት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግልገል በለስ ኮሌጅ ስማር አባቴ ሞተ። ቤተሰቦቼ በወጉ ሊያረዱኝ «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ» ብለው ላኩብኝ። አሶሳ መናኸሪያ ወርጄ ሻይ አዘዝኩ። ሻይ ሻጯ ብርጭቆውን ፊቴ አስቀመጠችና «ነፍስ ይማር፣ አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ» አለችኝ። ክፋት የለባትም፤ የሰማሁ መስሏት ነው። ሻዩን ጠጥቼ ጨረስኩት። ለምን እንደጠጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቤት ስደርስ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ መርዶ ነጋሪው ሽማግሌ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ እኔ ግን እንባዬ መንገድ ላይ ቀርቷል። እናቴ «ልጄ ለአባቷ አላለቀሰችም» ትላለች፣ አሁንም ታነሳዋለች። ያቺን ሴት በዚያ መንገድ ልልካት አልፈለግኩም። ወረቀቶቹን በዚያው ምሽት አነሳኋቸው፤ ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ ማለዳ ልጆቹን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሰበሰብኳቸው። መጀመሪያ ላድበሰብስ አስቤ ነበር፤ መሪ መሆን ክፉ ነው። ሃያ ሁለት ጥንድ ዓይን ሲያፈጥብኝ ግን ተውኩት። «ቤተሰቡን ሳልጠይቅ ያስለጠፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «መኪናው አራት ሰዓት ላይ ይገባል። እስከዚያ ዜናውን እንለቅመዋለን።»

«ዜና እንዴት ይለቀማል?» አለ ባለ ቅቤ ምላሱ።

እኔም አላውቅም ነበር። ሜጋፎን አይሆንም፤ ሜጋፎን ሲጮህ ያልሰማውም ይሰማል። አንድ በአንድ፣ ከሰው ወደ ሰው፣ በጆሮ መሄድ አለበት። ለዚህ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። ልጁ ወዲያው አንዱን አቀረበ፦ «የኩርሙኳ እርጉዝ ቤቷ እስክትገባ ማንም ምንም አልሰማም።»

«በጣም ጥሩ» አልኩ።

የመናኸሪያው ቡድን አለቃ፣ ልጅቷ፣ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እሱ ውሸት ነው። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ታዲያ ምን እንበል?»

ትንሽ አሰበች። «ቤት እስኪገባ አንናገርም።»

ይህ ይሻላል፣ ተባለ። እጇን ግን አላወረደችም።

«ሴትዮ እኔን ከጠየቀስ? 'አባቴ ደህና ነው?' ካለ?»

«ያልሰማሽ መስለሽ እለፊዋ።»

«እኔ ስካውት ነው፣ ቃል ገብቷል። እኛ ቤት ሰው ሲሞት ወዲያው ይነገራል፤ መደበቅ አያውቅም እኔ። ካልጠየቀ አይናገርም። ከጠየቀ እውነት ይናገራል።»

ደሜ ፈላ። ሕጉን ያስተማርኳት እኔ፣ ያስማልኳት እኔ፤ በገዛ ዱላዬ መታችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን አማርኛዋን አርሜ ነገሩን አስረሳት ነበር። ያን ቀን ግን አላረምኳትም። ክርክሩን ቆረጥኩት። ቦርሳውን ባለ ቅቤ ምላሱ ይቀበላል፣ እሷ መውጫው በር ጋ ትቆማለች፤ ወደ ሴትዮዋ አትጠጋም። «እሺ» አለች። ቅር ያላት አትመስልም ነበር። እንዲያውም ሸክም የወረደላት መሰለኝ።

ወደ ገበያው ወረድን። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ለመናገር ቃል ያጥረኛል፤ ለአማርኛ መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቹ በየቋንቋቸው ተከፋፈሉ። በርታኛ ተናጋሪዎቹ ደረቅ ባሚያና ከሰል ወደሚሸጡት እናቶች ሄዱ። ኦሮምኛ የሚችሉት ከባምባሲ እህል ጭነው ወደመጡት ነጋዴዎች፣ የአምባ ልጆች ሽንኩርትና በርበሬ ተራ ገቡ። ጎንበስ ይላሉ፣ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሻገራሉ። ሰው ይቆጣል ብዬ ነበር። «እናንተ ናችሁ የለፈፋችሁት፣ አሁን ደግሞ ዝም በሉ ትላላችሁ?» ይሉናል ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አንድም ሰው አላለም። ባሚያ ሻጯ ሰምታ ስትጨርስ እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈችና ወደ ጎረቤቷ ዞራ ራሷ ነገረቻት። የባምባሲው ነጋዴ «ቶሌ፣ ቶሌ»፣ እሺ እሺ፣ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ፣ ከዚያ ሚዛኑ ጋ የቆመውን ገበሬ ጠራው። ልጆቹ ግማሹን ሳያዳርሱ ነገሩ ቀድሟቸው ሄደ። የባጃጅ ተራ ስደርስ አንዱ ሹፌር እኔኑ «ቲቸር፣ ሰምተሻል? ቤቷ እስክትገባ አይነገርም» አለኝ።

ገረመኝ። እኔ አንድ ዜና ስበትን ወረቀት፣ ሙጫና ሜጋፎን ያስፈልገኛል። ይህ ሕዝብ መልሶ ለመሰብሰብ ምንም አላስፈለገውም።

አራት ሰዓት አለፍ ሲል የኩርሙክ ሚኒባስ ጭቃ ለብሶ መናኸሪያው ገባ። ሴትዮዋን ለማወቅ አልተቸገርኩም፤ ወንድሟን ቁርጥ ናት። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወረደች። መናኸሪያው እንደወትሮው ይጮሃል፤ ረዳቶቹ የሚሄዱበትን አገር ይጠራሉ፣ ሻይ ሻጮቹ ብርጭቆ ያንኳኳሉ። ከመቶ ከሚበልጥ ሰው አንድም ቀና ብሎ ትኩር ያላት የለም፣ አንድም ፊቱን ያዞረባት የለም። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ሥራውን ይሠራል።

አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ። ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ የልጆቹ ሹክሹክታ አልደረሳቸውም። አርብ በሜጋፎን የተነበበውን ግን ሰምተዋል። ከግድግዳው ሥር ተነስተው ሁለት እጃቸውን ለዱዓ ዘርግተው ወደ እሷ መጡ። በሕይወቴ እንደዚያ የደነገጥኩበት ጊዜ ትንሽ ነው። ከሁሉ የምታንሰው ስካውት፣ የአምስተኛ ክፍል ልጅ፣ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ በስካውት ወግ በሦስት ጣቷ ሰላምታ ሰጠቻቸውና ክንዳቸውን ይዛ መንገድ አሻገረቻቸው። መሻገር የፈለጉበት ምክንያት አልነበረም። ማዶ ደርሰው ግራ ተጋብተው ቆሙ፤ እዚያ በጆሯቸው ጮክ ብላ ነገረቻቸው። እጃቸውን አጥፈው ባሉበት ተቀመጡ።

ባለ ቅቤ ምላሱ ልጅ ጥርሱን ፈገግ አድርጎ ቀረበ። «እንኳን ደህና መጡ እትዬ! ቦርሳዎን ይስጡኝ!» አላት። ሴትዮዋ አየችው። ቆም ብላ አየችው፣ ከዚያ አልፋው ሄደች። መውጫው በር ጋ ልጅቷ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆማለች። ሴትዮዋ ቀጥ ብላ ወደ እሷ ሄደችና ቦርሳውን ዘረጋችላት።

«አንቺ ያዢልኝ» አለቻት።

ልጅቷ እኔን አየች፣ ቦርሳውን አየች። ስካውት ለእርዳታ ሲጠራ እምቢ አይልም፣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ተቀበለችው። እኔም ምንም ማድረግ ስለማልችል ከኋላ ተከተልኩ። ከዚያ ወዲያ በሆዴ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አትጠይቂያት፣ አትጠይቂያት።

በገበያው መሃል አለፍን። «ሽንኩርት በርካሽ!» የሚለው ይላል። ባሚያ ሻጯ የሴትዮዋን ሆድ አይታ በበርታኛ መረቀቻት፤ ልጅቷ «በሰላም ይገላግልሽ ነው ያለው» ብላ ተረጎመችላት። ሴትዮዋ አሚን አለች። ባጃጅ ተራ ደረስን። ሁለቱ ከኋላ ተቀመጡ፣ እኔ ከሹፌሩ ጎን በአንድ ቂጤ ተንጠለጠልኩ፤ ትራፊክ ፖሊስ አይስማ። ይህ ሹፌር ወሬኛ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ ከእኔ ባልተናነሰ። ያን ቀን ስለ ጎማው ብቻ አወራ። ከአስፋልቱ ወጥተን ቀዩ የጭቃ መንገድ ውስጥ እስክንገባ ስለ አንድ ጎማ ያን ያህል የሚወራ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ ጥያቄ ጀመረች። በጠየቀች ቁጥር ልጅቷ የቦርሳውን ማንገቻ ጭምድድ አድርጋ ትይዛለች፤ ከፊት ባለችው ትንሽ መስታወት አያታለሁ።

«ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

«ስምንተኛ።»

«ማንጎው ዘንድሮ እንዴት ነው?»

«ብዙ ያዘ። አሁን ወድቋል።»

«አንገትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ስካርፍ። ስካውት ነው እኔ።»

«ስካውት ምን ያደርጋል?»

ልጅቷ ማንገቻውን ይበልጥ ጨመደደች። ሹፌሩም ጎማውን ረሳው። «ሰው ይረዳል» አለች። ቀጥላም፣ «አይዋሽም» አለች።

አለቀ አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ትጠይቃታለች፣ አሁን።

«ጥሩ ነው» አለች ሴትዮዋ። ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ምንም አልጠየቀችም።

አምባው ሲቃረብ ለለቅሶ የሚሄዱ ሴቶች በመንገዱ ዳር ተሰልፈው አየሁ። ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ነው የለበሱት። ይህን አላሰብንበትም ነበር። ግን ከፊታቸው ስካርፍ ያደረጉ ሁለት ልጆች ይሮጣሉ፤ ማን እንደላካቸው እስከ ዛሬ አላወቅኩም፣ እኔ አልላክኋቸውም። ባጃጁ እየቀረበ ሲሄድ ሴቶቹ ተራ በተራ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ፣ እንደ ገበያተኛ። ካለፍን በኋላ ዞሬ ሳይ መልሰው ሲዘቀዝቁት አየሁ። በዚያች ደቂቃ ያለቀስኩት ከሐዘን አይደለም። በዚህ አገር ተወልጄ፣ አድጌ፣ አስተምሬ፣ ይህን የሚያህል ነገር በውስጡ እንዳለ አለማወቄ ነው ያስለቀሰኝ።

ቤቱ በር ላይ የለቅሶ ድንኳን አልነበረም። በጠዋት ነቅለውት ኖሯል፤ የምሰሶዎቹ ጉድጓድ ብቻ ውሃ አቁሯል። እናትየው በሩ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሴትዮዋ ወርዳ በእግሯ ሄደች፣ እናቷ እቅፍ ውስጥ ገባች፣ ሁለቱም ወደ ውስጥ ገቡ። በሩ ተዘጋ። የሽማግሌ ድምፅ ጥቂት ተሰማ፣ ከዚያ ዋይታው ተነሳ። ልጅቷ ቦርሳውን እንደያዘች ግቢው መሃል ቆማ ቀረች። ወንዶቹ ድንኳኑን አውጥተው መልሰው ሲተክሉ ከየመንገዱ የደረሱት ስካውቶች ገመዱን ቋጠሩ። የሴትዮዋ ወንድም ወደ እኔ መጣ፣ እጄን ጨበጠኝ።

እኔ ድል አድርገን የተመለስን መስሎኝ ነበር። ለሦስት ቀን ለባለቤቴ፣ ለሥራ ባልደረቦቼ፣ ለሰማ ሁሉ ተረኩት። ሃያ ሁለት ልጆች አንድ ከተማ ዝም አሰኙ፣ እርጉዟም ሳታውቅ ቤቷ ገባች፣ እያልኩ።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹን ይዤ ለቅሶ ደረስኩ። ሴትዮዋ ፍራሽ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ ተቀምጣለች። ልጅቷ ከሁሉ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ቀረች። ሌላው ሲበተን ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አልኩና ይቅርታ ጠየቅኳት። ዜናውን የለጠፍኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እንዴት እንደለቀምነው፣ ሳታውቅ ቤቷ በመግባቷ ፈጣሪን እንዳመሰገንኩ ነገርኳት።

ዝቅ ባለ ድምፅ «አውቄ ነው የገባሁት» አለችኝ።

«እንዴት?»

«ከተማው ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ስልክ መሥራት ጀመረ። የአንዱ መንገደኛ ስልክ ጮኸ። አዳመጠ፣ ዞሮ አየኝ፣ ከዚያ ተነስቶ ሰፊውን ቦታ ለቀቀልኝ። ያረጀብኝ አባቴ ነው፣ እሱ ነው አልኩ። ስወርድ ያ የጎረቤታችን ልጅ እየሳቀ መጣ፣ ይሄ ይዋሸኛል አልኩ። እሷ ግን ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም። እሷን ብጠይቃት እውነቱን ነው የምትነግረኝ። እንደዚያ ያለ ሰው አጠገቤ እንዲሆን ፈለግኩ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሻትም?»

ሆዷን ዳሰስ አደረገች። «ያን ሁሉ መንገድ በጭንቅ ስትንቀጠቀጥ እያየሁ? አንዴ ብጠይቅ መርዶዬን ያረዳችኝ እሷ ትሆናለች። ልጅ ናት። ዕድሜ ልኳን ከእሷ ጋር ይኖራል።»

ዜና አውቃለሁ የምለው እኔ፣ ከእነሱ ፊት ተቀምጬ በመስታወት ሳያት የነበርኩት እኔ፣ ምንም አላየሁም። ሴትዮዋ ያን ሁሉ ሰው፣ ያን ሁሉ ዝምታ እያየች፣ ሐዘኗን ዋጥ አድርጋ ስለ ማንጎ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውን የማየው በሌላ ዓይን ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ልጅቷ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ከበሩ ተነስታ መጣች፣ ሴትዮዋ ፊት ተንበረከከች። ሦስት ቀን ሙሉ አፏ ውስጥ የያዘችው ቃል እንደነበረ ያወቅኩት ስትናገረው ነው።

«አባት ሞተ» አለች። «አላህ ይርሃመው።»

ሴትዮዋ የልጅቷን እጅ ያዘች።

«አሚን፣ ልጄ» አለች። «አሁን ሰማሁ።»

ከዚያ አለቀሰች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፤ ልጅቷም አጠገቧ ፍራሹ ላይ ቁጭ አለች።